«እሷ» «እሱ» የሆነችበት ወረቀት

ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር የምጠግንበትና ወረቀት የማትምበት አንድ ጠባብ ክፍል አለኝ። ሙያውን የጀመርኩት ግን መርሳ ነው፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የጽሕፈት ሥራ ይሠሩ ከነበሩ አንዲት ሴት ዘንድ። አገሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። እትዬ የሀብሩን ወረዳ ሰው ጉዳይ ሃያ ዓመት ያህል ጽፈዋል። ውርስ፣ ፍቺ፣ ስጦታ፣ ሽማግሌ ፊት ያለቀ ጠብ፣ ሁሉም በእሳቸው ጣት አልፏል። ባለጉዳዩ ሲያወራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ሲጨርስ «በቃ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ከዚያ ሳያቋርጡ ይጽፉታል። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ልማር እሳቸው ዘንድ ስገባ፣ ቁልፎቹን እንዳላይ እጄ ላይ መሐረብ ይጥሉብኝ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ የእትዬ ኮምፒውተርና ማተሚያ ተወሰደ። በየሰዉ ቤት የነበረው ወረቀትም እንዲሁ አለቀ፤ የተቃጠለ አለ፣ ዝናብ የመታው አለ፣ የት እንደገባ ያልታወቀም አለ። ሰው ተመልሶ ኑሮውን ሲጀምር፣ ስለ መሬቱና ስለ ቤቱ ማስረጃ በተጠየቀ ቁጥር «እትዬ ጽፈውልኝ ነበር» እያለ በራቸውን ያንኳኳ ጀመር። እሳቸው ዘንድ የተረፈው ሁለት ሲዲ ብቻ ነበር። ከዓመታት በፊት አሮጌው ማሽን ሊሞት ሲል፣ አንድ ቴክኒሺያን ጽሑፉን ሁሉ ገልብጦ ሰጥቷቸው ነበርና ከነጠላቸው ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

አስጠርተውኝ ሄድኩ። ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ የሚለዩኝ በድምፄ ነበር።

«ሰው በየቀኑ ይመጣብኛል» አሉኝ። «ባዶ እጁን ስመልሰው ደግሞ የደበቅሁበት ይመስለዋል። አንተ ይህን ከከፈትህልኝ ሰዉም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ።»

ሲዲዎቹን ተቀብዬ ወልድያ ተመለስኩ።

ፋይሎቹን ስከፍታቸው አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረባቸውም። ጭረትና ነጥብ የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት፣ ቅንፎች፣ የመደመር ምልክቶች፣ ገጽ ሙሉ። ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ዛሬ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት የራሱ ቁጥር አለው፤ ወልድያ የተጻፈ «ሰ» የትም አገር «ሰ» ሆኖ ይነበባል። እትዬ ይጽፉ በነበረበት ጊዜ ግን ሶፍትዌር የሚሠራው ሁሉ ለፈረንጅ ፊደል በተሰጡት ቁጥሮች ላይ የአማርኛውን መልክ እንደፈለገ ይለጥፍ ነበር። ያ የፊደል መልኮች ስብስብ፣ ፎንት የሚባለው፣ ከሌለ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። እኔ የሚጠበቅብኝ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበረ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ጽሑፉን በዚያ የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ነበር።

ፎንቱን ብፈልግ አጣሁት። የረዳኝ አንድ ባለጉዳይ ቤት ከጥፋቱ የተረፈ የታተመ ወረቀት ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች ወፍጮ ቤት በጋራ ሊያቆሙ የተዋዋሉበት። ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዤ ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ወረቀቱ ላይ የሌሉትን ፊደላት ደግሞ ከሌሎቹ ፋይሎች እየገመትኩ ሞላሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፕሮግራሙን ሳስኬደው፣ ያ ሁሉ ጭረትና ቅንፍ ገለል ብሎ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው» የሚል ዓረፍተ ነገር ፊቴ ቆመ። ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ያኔም አይቻለሁ። በውርስ ወረቀቶቹ ላይ «ሟች» መባል ያለበት ቦታ ሁሉ «ሙች» ይል ነበር። የድሮ አጻጻፍ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያንን ማለፌን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ለእትዬ ደውዬ ጽሑፉ ተከፈተ ስላቸው የመጣውን ሁሉ እንዳስተናግድ፣ ማንንም እንዳላጉላላ አዘዙኝ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሀብሩን አዳረሰ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአሥራ አንድ ሰው አትሜ ሰጠሁ።

ከእነዚያ አንዷ ከውርጌሳ በታች የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ፣ ገና ልጅ እግር ሳሉ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ መሬቱን ከባላቸው ወንድም ጋር አካፍሏቸው ነበር። ከመስኖው ቦይ በላይ ያለው ለወንድምዬው፣ ከቦዩ በታች ያለው ለእሳቸው። እትዬ ነበሩ የጻፉት። አሁን የባልቴቷ የመሬት ደብተርም ያ ወረቀትም ስለጠፋ ነገሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ ሊቀመጥ ነበር። ባልቴቷ ማንበብ አይችሉም። ያተምኩላቸውን ወረቀት በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፣ አጥፈው ሻሻቸው ውስጥ ቋጠሩትና መርቀውኝ ወጡ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው አልቋል ብዬ፣ የታተሙትን ጥራዝ ይዤ እትዬን ላስደስት መርሳ ወረድኩ። ማየት ስለማይችሉ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን አንድ የፍቺ ጉዳይ ጀመርኩ። ባልና ሚስቱ እንዴት እንደተጣሉ አነበብኩና «ልጁን ይዛ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዳለች» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ወደ ማን ወላጆች?»

«ወደ ወላጆቹ ይላል።»

«ወላጆቿ ነው እንጂ። ከሰውዬው ሸሽታ እንዴት ወደ ሰውዬው ወላጆች ትሄዳለች? ልጁንም አይደለም፤ ልጇን ነው ያልኩት።»

የታይፕ ግድፈት ይሆናል አልኳቸው። እትዬ እንዲህ ያለ ግድፈት እንደማይሠሩ ግን እኔም አውቅ ነበር። ትንሽ አሰቡና «እስቲ በማሽንህ ‘እሷ’ የሚል ፈልግልኝ» አሉኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ፈለግሁ። በሁለት ሲዲ ሙሉ ጽሑፍ ውስጥ፣ በሃያ ዓመት ፍቺና ውርስ ውስጥ፣ አንድም «እሷ» አልነበረም። «ቤቷ» የለም። «መሬቷ» የለም። «ስሟ» የለም።

ምክንያቱን የነገሩኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ነገሩ ከድሮም የታወቀ ስለሆነ መናገር እንዳለባቸው እንኳ አላሰቡም። የአማርኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ በአንድ ፎንት አልበቃም ነበር። «ቋ» እና «ጓ» ከመጀመሪያው ፎንት ጋር ነበሩ፤ እነሱን ሳይ የቀሩትም ያሉ መስሎኝ ነው እኔ ያልጠረጠርኩት። «ሷ»ን፣ «ቷ»ን፣ «ሏ»ን፣ «ሟ»ን ለመጻፍ ግን ወደ ሁለተኛ ፎንት ቀይረው፣ ፊደሉን መትተው፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ ነበር። በሁለተኛው ፎንት «ሷ» የተቀመጠችው በመጀመሪያው «ሱ» በተቀመጠበት ቁጥር ላይ ነው። «ቷ» በ«ቱ» ቦታ፣ «ሟ» በ«ሙ» ቦታ። ያ ቴክኒሺያን ፋይሎቹን ሲገለብጥ ቦታ እንዳይፈጁ ብሎ ጽሑፉን ብቻ ስላስቀረ፣ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተመታ የሚናገረው ምልክት ተራግፎ ቀርቷል። የእኔ ሰንጠረዥ ደግሞ ከአንድ ወረቀት የተወለደ ነው። በዚያ የወፍጮ ቤት ውል ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም።

ጽሑፉ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ያውቀው ነበር። የተወላገደ ፊደል ራሱ ይጮሃል። ይህ ግን ደህና አማርኛ ነው፤ «መሬቱን» ይላል፣ «ድርሻውን» ከሚለው ጎን ተደላድሎ ተቀምጧል፣ ማን ይጠረጥረዋል? እኔም ማኅተም ያለበት ያህል አምኜ በእጄ ለሰው ሰጥቼዋለሁ።

የሰጠኋቸውን አሥራ አንዱን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያስታወስን ለየናቸው። አራቱ ወንዶች ከወንዶች ጋር የተዋዋሉበት ስለሆነ ችግር የለባቸውም። ሰባቱ ውስጥ ሴት አለች። ሦስቱ እዚያው መርሳ ስለነበሩ ባጃጅ ተኮናትሬ በየቤታቸው ሄጄ ሰበሰብኳቸው። ስህተት አለበት ስላቸው አንዷ ወዲያው አወጣችልኝ፤ አንዱ ሰውዬ ግን ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሌላ ሳላመጣ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። ለምኜ ወሰድኩት። የቅዳሜው ነገር ከሁሉ ባሰብኝ። ባልቴቷ ስልክ የላቸውም፤ የጎረቤታቸውን ብደውል አይነሣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለነበር ወደ ውርጌሳ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ የተስተካከለውን የማትመውም ወልድያ ነው። እትዬ ሲሸኙኝ፣ ካስፈለገ እንድጠራቸው ነገሩኝ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ እመሰክራለሁ» አሉ።

ማታውኑ ወልድያ ተመልሼ፣ እትዬ እንደነገሩኝ አስተካክዬ አተምኩት። ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ የመጀመሪያው ሚኒባስ ገና ግማሹን አልሞላም። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ግማሽ ሰዓት አቆየን። ሲሪንቃን አልፈን ኬላ ላይ አስወርደው ሲፈትሹን፣ ላፕቶፑ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለበት፣ ለምን ወደ ውርጌሳ እንደምሄድ ጠየቁኝ። የሴትዮ ወረቀት ላስተካክል ነው ብል ፈታሹ ፊቴን ደግሞ አየው። ላፕቶፑን አገላብጦ አየና ለቀቀኝ። መርሳን ስናልፍ ሰዓቴን አላየሁም፤ ፈራሁ። አእምሮዬ ያንን ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ያነብብኝ ነበር። እትዬ የጻፉት «ከቦዩ በታች ያለውን እሷ ታርሳለች፤ ምርቷን ማንም አይጋራትም» ነው። እኔ አትሜ የሰጠሁት ግን «እሱ» ይላል፤ «ምርቱን» ይላል።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በመስጊዱ ግቢ አጠገብ ባለ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ነበር። አምስት ናቸው። ስደርስ ዱዓው አልቆ፣ ወረቀቱ ተነቦ፣ ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። ባልቴቷ ግድግዳ ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከወዲያ ማዶ የባላቸው ወንድም፣ አጠገባቸው ደግሞ ወረቀቱን ያነበበው የወንድምዬው ዘመድ፣ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነው፣ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ባልቴቷ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ያ ወረቀት የእኔ አይደለም» አሉኝ። አልተቆጡም። ድምፃቸው የተቆጣ ቢሆን በተሻለኝ ነበር።

ቆሜ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ከድሮው ማሽን ወደ አዲሱ ስለውጠው ፊደል እንደተሳሳተ፣ «እሷ» የነበረው «እሱ» እንደሆነ፣ የተስተካከለውን ይዤ እንደመጣሁ። ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋሁ። የመካከሉ ሽማግሌ፣ ሁሉም «ሸሁ» የሚሏቸው ናቸው፣ ወረቀቱን አልተቀበሉኝም።

«አብሽር፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ባለፈው የሰጠኸው ስህተት ከሆነ፣ የዛሬው እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ሁለቱም ከአንተው እጅ ነው የወጡት።»

ስለ ሁለት ፎንትና ስለ አንድ ቁጥር ላስረዳ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያልኩት ሁሉ ሰው ወረቀት ሲያጭበረብር የሚለውን ይመስል ነበር። የከፋው ደግሞ ትክክል መጠየቃቸው ነው። «ሷ»ን የመለሳት ፕሮግራሙ አይደለም፤ ፋይሉ ውስጥ ምልክቷ ስለሌለች በገዛ እጄ፣ በእትዬ ቃል ነው ያስገባኋት። ወንድምዬው መሬት መሬት ያያሉ።

በዚህ መካከል ባልቴቷ ተናገሩ። «የመጀመሪያውን ይህ ልጅ ያንብብልኝ። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ነው ያነበበው። ፊደል በፊደል፣ እንደ ሕፃን ያንብብልኝ።»

ሸሁ ወረቀቱን አቀበሉኝ። የራሴን ጥፋት በራሴ አፍ ማንበብ ጀመርኩ። ቦዩ ላይ ስደርስ ዘገየሁ። «ከ-ቦ-ዩ በ-ታ-ች ያ-ለ-ው-ን እ-ሱ ታ-ር-ሳ-ለ-ች።»

«ቆይ» አሉ ሸሁ። «እሱ ምን?»

«ታርሳለች።»

«እሱ ታርሳለች?»

ቀጥል ሲሉኝ ቀጠልኩ፤ «ምርቱን ማንም አይጋራትም» ይላል። አይጋራውም አይልም። እኔ ስንት ጊዜ ያንን ዓረፍተ ነገር በልቤ እያነበብኩ፣ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ስብሰለሰልበት፣ ግሱን አላየሁትም ነበር። ሰንጠረዡ «እሷ»ን ወስዶ «ታርሳለች»ን መንካት አልቻለም። «ለ» እና «ች» ከመጀመሪያው ፎንት ናቸው።

ሸሁ ወደ አንባቢው ዘወር ብለው እሱ ግን እንዴት እንዳነበበው ጠየቁት። ሰውዬው ተነሥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ያርሳል» ብሎ እንዳነበበው፣ «እሱ» ካለ በኋላ «ታርሳለች» ሲያይ የታይፕ ስህተት መስሎት በአፉ አስተካክሎ እንዳለፈው ተናገረ፤ በወላሂ ማለ። አመንኩት። «ሙች»ን አይቼ ያለፍኩ እኔ እንዴት አላምነውም?

ከዚያ ወንድምዬው፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ከቦዩ በታች የሷ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። ወረቀቱ ‘እሱ’ ሲል ሰማሁና ዝም አልኩ።»

ማንም አልወቀሳቸውም። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በዚያው ቀን አልቆረጡትም። የጻፈችው ሴት መጥታ በቃሏ ትናገር ብለው በሳምንቱ ቀጠሩ። እትዬን ይዣቸው ሄድኩ፤ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ክንዴን ተደግፈው። ሁለቱንም ወረቀቶች አልፈለጓቸውም። በዚያን ቀን እነማን እንደመጡ፣ ባልቴቷ ያኔ ሕፃን አዝለው እንደነበር፣ «ምርቷን ማንም አይጋራትም» የሚለውን ያስጨመሩት ራሳቸው ባልቴቷ እንደሆኑ በቃላቸው አወሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእስክሪብቶ እንደ አዲስ ጻፉት፤ ወንድምዬውም ፈረሙበት። ከወራት በኋላ ደብተራቸውም ወጣላቸው። ባልቴቷ ወልድያ ገበያ ሲመጡ አሁንም በሬ ላይ ቆመው ሰላም ይሉኛል። ይቅር ብለውኛል፤ ግን ሌላ ነገር እንዳትምላቸው ጠይቀውኝ አያውቁም።

የቀሩትን ለመሰብሰብ ሰነበትኩ። ወልድያ የነበረውን በቀላሉ አገኘሁት። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት የእሷን በላስቲክ አስለብጣው ነበር፤ ስትሰጠኝ ለላስቲኩ አዘነች።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን መርሳ እየወረድኩ እያንዳንዱን ፋይል ለእትዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ «ሷ» ያለባት ቦታ ስንደርስ በጣታቸው ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ። እኔ አስገባለሁ። ከሥሩም መቼና በማን ቃል እንደተስተካከለ እጽፍበታለሁ፤ የሲዲውንም ጽሑፍ እንዳለ፣ ሳልነካው፣ ጎን ለጎን አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ማሽኑም ሰንጠረዡም የሌሉበት ስህተት እናገኝ ነበር፤ የራሳቸው የእትዬ። አንዴ የአንዱን ቀበሌ ስም ተሳስተው ጽፈዋል። ላስተካክለው ወይ ስላቸው ከለከሉኝ።

«እኔ የጻፍኩትን ብቻ መልስልኝ» አሉ። «የተሳሳትኩትም የኔ ነው። አንተ ማረም ከጀመርክ የት ታቆማለህ?»

ሰባተኛው ወረቀት እስካሁን አልተገኘም። የወሰደው ሰው ከእህቱ ጋር ቤት የተካፈለ ነው፤ በሳምንቱ ወደ ዓረብ አገር እንደሄደ ሰማሁ፤ የሰጠኝ ቁጥርም አይሠራም። እህቱን ፈልጌ ትክክለኛውን ሰጥቻታለሁ፤ አንብባው፣ ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ አትጨነቅ ብላኛለች። እውነቷን ይሆናል። ያ ወረቀት ግን የሆነ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ፣ የእሷን ድርሻ የእሱ ብሎ፣ በጥሩ አማርኛ ተቀምጧል። መቼ ወጥቶ ማን ፊት እንደሚነበብ አላውቅም።